ሞተሩ ለተለወጠ አሮጌ መኪና ዲናሞ ስለ መምረጥ

ለማኅበሩ አባላት የተሰናዳ የንግግር ጽሑፍ



በኢትዮጵያ ጋራዦች የሚነገረው የሙያ ቋንቋ ብዙውን ቃሉን ከጣሊያንኛ የወረሰ መሆኑ የታወቀ ነው። ሞተሪኖ፣ ቺንጋ፣ ኩሽኔታ፣ ካንዴላ፣ ፍሬን፣ ካምቢዮ የሚሉት ስሞች ከመኪናው ጋር ገብተው አማርኛ ሆነዋል። «ዲናሞ» የሚለውም ቃል ከእነዚሁ አንዱ ነው። ሆኖም ይህ ቃል ሁለት የተለያዩ መሣሪያዎችን በአንድ ስም ይጠራል። ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የጥንቱ ጄኔሬተር ዲናሞ ይባላል፤ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ አመንጭቶ በውስጡ ባሉት ዳዮዶች ወደ ቀጥተኛ የሚለውጠው ኦልተርኔተርም እንዲሁ ዲናሞ ይባላል።

በተራ ጥገና ጊዜ ይህ የስም መደባለቅ ጉዳት የለውም። የተበላሸው ይወጣል፤ አምሳያው ይገባል፤ መኪናው ወደ ሥራው ይመለሳል። የመኪናው ሞተር በሌላ ሞተር ሲለወጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። «ዲናሞ አለው» የሚለው መልስ መልስ መሆኑ ይቀራል፤ የትኛው ዲናሞ፣ በስንት ቮልት፣ በምን ፍጥነት፣ በየትኛው ሽቦ፣ ከየትኛው ፍሬን ጋር የሚሉት ጥያቄዎች ገና ይጀምራሉ። የዚህ ንግግር ዓላማ እነዚህን ጥያቄዎች በተገቢው ቅደም ተከተል ማቅረብ ነው።

1. ጉዳዩ ለምን ያሳስባል?

በሌላው ዓለም አሮጌ መኪና ማደስ በአመዛኙ የትርፍ ጊዜ ደስታ ነው። በኢትዮጵያ አሮጌ መኪና የቤተሰብ መተዳደሪያ ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥት ተይዘው የወጡባትን ቮልስዋገን የማያስታውስ የዚያ ዘመን ሰው የለም። የእርሷ አምሳያዎች፣ የመጨረሻዋ በ1995 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ በሜክሲኮ ተሠርታ ምርቷ ከተቋረጠ በኋላም፣ በኢትዮጵያ መንገዶች መታየታቸውን አላቋረጡም። በገጠር ወረዳዎች ደግሞ ላንድሮቨርና ላንድክሩዘር የቡና፣ የሕሙማንና የሽማግሌዎች ማጓጓዣ ሆነው ትውልድ አሳልፈዋል።

እነዚህን መኪኖች በአዲስ መተካት ቀላል አልሆነም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ብዙ ዓመት ያገለገሉ መኪኖች ወደ አገር ሲገቡ የሚከፈለውን ታክስ ከፍ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን መንግሥት አስታወቀ። ስለዚህ ባለመኪናው ጤነኛ ሻንሲ ይዞ ሞተሩ ሲያልቅበት ሌላ ሞተር መፈለጉ የሚጠበቅ ነው። የሞተር ቁጥር በሊብሬ የሚመዘገብ በመሆኑ ለውጡ በሕግ በኩል መከናወን ያለበት ሥራ እንዳለው ይታወቃል። በሙያ በኩል ያለው ሥራ ግን ብዙ ጊዜ ሞተሩ ተነሥቶ ድምፁ ሲሰማ እንዳበቃ ይቆጠራል። ስሕተቱም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

2. ለምሳሌ የተወሰደው መኪና

ነገሩን በግልጽ ለማየት አንድ መኪና በምሳሌነት ይወሰድ። መኪናው እ.ኤ.አ. በ1965 የተሠራ ላንድሮቨር ሲሪስ 2ኤ ነው። ከፋብሪካው ሲወጣ ባለ 2.25 ሊትር የቤንዚን ሞተር ነበረው፤ ዲናሞውም ሉካስ ሲ40 የተባለው፣ 22 አምፔር የሚሰጥ የቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ጄኔሬተር ነበር። በኋላ የቤንዚኑ ሞተር ወጥቶ፣ በሃይሉክስና በሃይኤስ ላይ የሚታወቀው ቶዮታ 3ኤል የናፍጣ ሞተር ገባበት።

የመኪናውም ሥራ ይህ ነው። በሲዳማ የዘመን መለወጫ በፊቼ ጨምበላላ ዕለት ሽማግሌዎችን ከይርጋለም አቅጣጫ ጭኖ ወደ ሐዋሳ ይመጣል። ይህ በዓል በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሰው ልጅ ወካይ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ የሰፈረ ሲሆን፣ በሐዋሳ የሚከበርበት ሥፍራ በሐይቁ አጠገብ ያለው ጉዱማሌ ነው። መኪናው በዋናው መንገድ ላይ በደኅና ፍጥነት ይጓዛል። ከተማው ከገባ በኋላ ግን ወደ ጉዱማሌ ከሚተመው ሕዝብ፣ ከባጃጁና ከአውቶቡሱ ጋር እየቆመ እየተነሣ ነው የሚሄደው። ማታ ደግሞ፣ ምናልባትም በዝናብ፣ መብራቱን አብርቶ በዚያው ሕዝብ መካከል ተመልሶ ይወጣል።

ይህ ጉዞ ለዲናሞ ከባድ ፈተና ነው። ክፍት በሆነ መንገድ ማንኛውም ደኅነኛ ዲናሞ ባትሪውን ይሞላል። ፈተናው ሞተሩ በሚኒሞ እየዞረ መብራቱ፣ የዝናብ መጥረጊያውና ፍሬኑ በአንድ ጊዜ በሚጠየቁበት ሰዓት ነው። ዲናሞ መመረጥ ያለበትም ይህ ሰዓት ታስቦ ነው።

3. ሁለቱ ዲናሞዎች በምን ይለያያሉ?

በጥንቱ ዲናሞ ኤሌክትሪኩ የሚመነጨው በሚሽከረከረው ክፍል ላይ ነው። መላው ኃይል በኮሙቴተርና በካርቦኖች በኩል ስለሚወጣ ከመጠን በላይ በፍጥነት ሊዞር አይችልም። በዚህ ምክንያት ፑሊው ትልቅ ይደረጋል፤ ፑሊው ትልቅ በመሆኑም ሞተሩ በሚኒሞ ሲዞር ዲናሞው ከቶ አይሞላም ማለት ይቻላል። ከዚህም በላይ የጅረቱን መጠን ራሱ መወሰን ስለማይችል ቮልቱን፣ አምፔሩንና የጅረቱን መመለስ የሚቆጣጠር የተለየ ሣጥን ያስፈልገዋል።

በኦልተርኔተር ግን የሚሽከረከረው ክፍል ማግኔት ብቻ ነው፤ በካርቦኖቹም የሚያልፈው ጥቂት አምፔር ነው። ዋናው ጅረት የሚወጣው ከማይንቀሳቀሰው ጥቅል ነው። ስለዚህ በብዙ ሺሕ ዙር ሊሽከረከር፣ ፑሊውም ትንሽ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር እንኳ የሚሞላው ከዚህ የተነሣ ነው። የሲሊከን ዳዮድ ርካሽ መሆን ነገሩን ለተራ መኪና አበቃው፤ እ.ኤ.አ. በ1960 የክራይስለር ኩባንያ ቫሊያንት በተባለችው መኪናው ላይ በመደበኛነት አዋለው። ላንድሮቨርም እ.ኤ.አ. በ1971 ከወጣው ከሲሪስ 3 ጀምሮ ኦልተርኔተር መደበኛ ዕቃው ሆነ።

እንግዲህ ለምሳሌው ላንድሮቨር ኦልተርኔተር የሚሻል ስለ መሆኑ ክርክር የለም። ክርክሩ የትኛው ኦልተርኔተር በሚለው ላይ ነው።

4. የመጀመሪያው ጥያቄ፤ ቮልቱና ምሰሶው

ከሁሉ በፊት የመኪናው የኤሌክትሪክ ሥርዓት መታወቅ አለበት። የቀድሞዎቹ ቮልስዋገኖች በ6 ቮልት ይሠሩ ነበር፤ ወደ 12 ቮልት የተለወጡት በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ከጃፓን የመጡ አንዳንድ የናፍጣ ላንድክሩዘሮች ደግሞ 24 ቮልት ናቸው። የባለ 24 ቮልት ሞተር ገዝቶ በባለ 12 ቮልት መኪና ላይ የሚተክል ባለሙያ ሞተሪኖውን፣ ማሞቂያ ካንዴላዎቹንና ዲናሞውን አንድ ላይ ካልለወጠ አንዱ ሌላውን ያቃጥላል።

በምሳሌው ላንድሮቨር ላይ ያለው አደጋ የተለየ ነው። የዚያ ዘመን የእንግሊዝ መኪኖች ከሻንሲው ጋር የሚያያዙት የባትሪውን ፖዘቲቭ ነበር። ቶዮታው ኔጋቲቩን ያያይዛል። የጥንቱ ዲናሞ ምሰሶው ቢገለበጥም እንደገና ሊታረም ይችላል፤ ኦልተርኔተር ግን በተገለበጠ ባትሪ ላይ ከተገናኘ ዳዮዶቹ በቅጽበት ይቃጠላሉ። ስለዚህ ባትሪው ይዞራል፤ የአሮጌው ሥርዓት መቆጣጠሪያ ሣጥን ይወጣል፤ ሬዲዮና አምፔር መለኪያ ካሉ ይፈተሻሉ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ መጨመር ይገባል። ሞተር ሲለወጥ የሞተር መያዣ መበየዱ አይቀርም። በብየዳው ጊዜ የኦልተርኔተሩ ሽቦዎች ካልተፈቱ የብየዳው ጅረት ዳዮዶቹን ሊገድል ይችላል። ሞተሩ እየሠራ ባትሪውን መፍታትም፣ «ዲናሞው ይሞላ እንደሆነ ለመፈተሽ» በሚል በብዙ ቦታ የሚደረግ ልማድ ቢሆንም፣ ያው ጥፋት ነው። ልማዱ ከጥንቱ ዲናሞ የተወረሰ ነው፤ በኦልተርኔተር ላይ ግን ቮልቱን በድንገት አስፈንጥሮ ዳዮዱንም ሬጉሌተሩንም ያበላሻል።

5. ሁለተኛው ጥያቄ፤ መኪናው ምን ያህል ይፈልጋል?

ከጉዱማሌ በምሽት ሲመለስ በምሳሌው መኪና ላይ የሚሠራው ሁሉ ይደመር። ሁለቱ የፊት መብራቶች በ55 ዋት ሂሳብ 110 ዋት፣ የጎን፣ የኋላና የታርጋ መብራቶች 30 ዋት፣ የዝናብ መጥረጊያው 50 ዋት፣ የናፍጣ መዝጊያው ሶሌኖይድና የዳሽቦርዱ መሣሪያዎች 25 ዋት፣ ሬዲዮውና የስልክ መሙያው 30 ዋት ይወስዳሉ። ድምሩ 245 ዋት ነው። ይህ ለ13.5 ቮልት ሲካፈል 18 አምፔር ያህል ይሆናል።

በዚህ ላይ ማሞቂያ ካንዴላዎቹና ሞተሪኖው ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ከባትሪው የወሰዱት መመለስ ስላለበት፣ ከተነሣ በኋላ ለጥቂት ጊዜ 12 አምፔር ይታከል፤ 30 አምፔር ይሆናል። ለመጠባበቂያ ሩብ ሲጨመርበት ከ38 አምፔር አይበልጥም። እንግዲህ የሲ40 ዲናሞ 22 አምፔር እንደማይበቃ ግልጽ ነው፤ 120 አምፔር የሚሰጥ ኦልተርኔተር እንደማያስፈልግም እንዲሁ ግልጽ ነው።

ትልቅ መግዛት ምን ይጎዳል የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ኦልተርኔተር ከቺንጋው የሚወስደውን ጉልበት ግማሹን ያህል ብቻ ነው ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው። 70 አምፔር በ14 ቮልት ሲሰጥ 980 ዋት ይሆናል፤ ይህንንም ለመስጠት ወደ 1,800 ዋት፣ ማለትም ከሁለት የፈረስ ጉልበት በላይ ከቺንጋው ይወስዳል። አንድ ቀጭን ቺንጋ ይህን ያህል ሲሸከም መንሸራተትና መፋጨት ይጀምራል። ያው ቺንጋ የውኃ ፓምፑን የሚያዞር ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ ወደ ሞተሩ ይሻገራል።

በኦልተርኔተሩ ላይ የተጻፈው አምፔር የሚለካው በ6,000 ዙር ገደማና በቀዝቃዛ ሁኔታ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ኦልተርኔተር የሚቀዘቅዘው በራሱ ነፋስ ነው። በሐዋሳ ከፍታ፣ ማለትም በ1,700 ሜትር ገደማ፣ አየሩ ከባሕር ወለል አየር በአንድ ስድስተኛ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ ሲሞቅ የሚሰጠው ከተጻፈው ያነሰ ነው። ይህ ሁሉ ታስቦ ለምሳሌው መኪና ከ55 እስከ 60 አምፔር የሚለው ትክክለኛ መጠን ነው።

6. ሦስተኛው ጥያቄ፤ በምን ፍጥነት ይዞራል?

መጠኑ ከታወቀ በኋላ የሚመጣው የፑሊው ሂሳብ ነው፤ በጋራዥ ግን ፈጽሞ ሲታሰብ አይታይም። የሞተሩ ፑሊ ስፋት 150 ሚሊሜትር፣ የኦልተርኔተሩ 65 ሚሊሜትር ቢሆን፣ ሞተሩ አንድ ጊዜ ሲዞር ኦልተርኔተሩ 2.3 ጊዜ ይዞራል። በ700 ዙር ሚኒሞ ኦልተርኔተሩ ከ1,600 ዙር በላይ ያገኛል። እንደየዓይነቱ ቢለያይም፣ ባለ 60 አምፔር ኦልተርኔተር በዚህ ፍጥነት ከሙሉ ኃይሉ ሲሶውን፣ ማለት 20 አምፔር ያህል ሊሰጥ ይችላል። ይህ በጉዱማሌ መንገድ ላይ የሚፈለገውን 18 አምፔር ይሸፍናል። ሞተሩ ወደ 4,000 ዙር ሲደርስ ኦልተርኔተሩ 9,200 ገደማ ይዞራል፤ ይህም ከአቅሙ በታች ነው።

አሁን ባለሙያው «ይገጥማል» ብሎ ከአሮጌው ዲናሞ የወጣውን ባለ 80 ሚሊሜትር ፑሊ ቢያስገባበት፣ ያው ኦልተርኔተር በሚኒሞ የሚያገኘው 1,300 ዙር ብቻ ነው። በዚህ ፍጥነት መሙላት ቢጀምር ነው። ባለመኪናው «ዲናሞው አይረባም» ብሎ ሌላ ይገዛል፤ ሁለተኛውም እንደ ፊተኛው ይሆንበታል። ጥፋቱ የ15 ሚሊሜትር ልዩነት ነው። ሁለቱ ፑሊዎች በአንድ መስመር መቆማቸውም በማስመሪያ መረጋገጥ አለበት፤ አለዚያ ቺንጋው ቶሎ ይበላል፣ ኩሽኔታውም ይጮኻል።

7. አራተኛው ጥያቄ፤ ፍሬኑ ከየት ይታገዛል?

ይህ ጥያቄ የሰው ሕይወት የሚመለከት ስለሆነ በተለይ ሊታሰብበት ይገባል። የቤንዚን ሞተር አየር በሚስብበት ቱቦ ውስጥ ቫኩም ይፈጠራል፤ የፍሬኑ ማገዣ ሰርቮ የሚሠራውም በዚህ ቫኩም ነው። የናፍጣ ሞተር ግን ይህን የመሰለ ቫኩም አይፈጥርም። ስለዚህ የቶዮታ መሐንዲሶች በ2ኤልና በ3ኤል ሞተሮች ላይ የቫኩም ፓምፑን ከኦልተርኔተሩ ጀርባ፣ በአንድ ዘንግ ላይ ተክለውታል። በእነዚህ ሞተሮች ላይ ዲናሞው የፍሬኑም አካል ነው።

ሞተሩ ሲገዛ ኦልተርኔተሩ የተቃጠለ ወይም የጎደለ ሊሆን ይችላል። ገዢው በርካሽ ያገኘውን፣ ፓምፕ የሌለውን ኦልተርኔተር ቢያስር መብራቱ ይበራል፤ ባትሪውም ይሞላል፤ ሁሉ ደኅና ይመስላል። ነገር ግን ፍሬኑ በሰርቮ የሚታገዝ ከሆነ፣ ሽማግሌዎችን የጫነው መኪና በሕዝብ መካከል ሊቆም ሲል ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ብልሽቱ በዲናሞ ለውጥ የመጣ መሆኑን የሚጠረጥር ሰው ጥቂት ነው።

ፓምፑ ያለው ቢገኝም ሥራው ገና አላለቀም። ፓምፑ የሚቀባው በሞተሩ ዘይት ነው፤ አንድ ቀጭን ቱቦ ዘይት ያመጣለታል፤ ሌላ ወፍራም ቱቦ ወደ ሞተሩ ይመልስለታል። በጠባቡ የላንድሮቨር ኮፈን ሥር የመመለሻው ቱቦ ቢታጠፍ ዘይቱ ወደ ኦልተርኔተሩ ገብቶ ካርቦኖቹን ያበላሻል፤ የሚያመጣው ቢዘጋ ፓምፑ ይነክሳል። ስለዚህ ሞተሩ ሲገዛ ኦልተርኔተሩን ከነፓምፑና ከነቱቦዎቹ መግዛት ከሁሉ የሚሻለው ምርጫ ነው።

8. አምስተኛው ጥያቄ፤ ሽቦው ይችለዋል?

የአሮጌው ላንድሮቨር ሽቦ የተዘረጋው ለ22 አምፔር ነው። የ60 አምፔር ኦልተርኔተር በዚያው ሽቦ ላይ ቢታሰር ሽቦው ይግላል፤ ዕድሜ ያደረቀው ልባሱ ይቀልጣል፤ መኪናውም ሊቃጠል ይችላል። ሽቦው ባይቃጠል እንኳ ባትሪው አይሞላም። ሁለት ሜትር ርዝመትና 4 ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ 50 አምፔር ሲያልፍበት 0.44 ቮልት ያህል ይበላል፤ ባለ 16 ካሬ ሚሊሜትሩ ግን የሚበላው 0.11 ቮልት ብቻ ነው። ለባትሪ የሦስት አሥረኛ ቮልት ልዩነት በመሙላትና ባለመሙላት መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ስለዚህ ከኦልተርኔተሩ ዋና መውጫ ወደ ባትሪው አዲስ ወፍራም ገመድ፣ ከተመጣጣኝ ፊውዝ ጋር፣ መዘርጋት አለበት። ሁሉንም ጅረት በዳሽቦርድ በኩል የሚያሳልፈው የጥንቱ አምፔር መለኪያ ወጥቶ በቮልት መለኪያ ይተካል። አዲሱ ሞተር በጎማ ላይ የተቀመጠ ስለሆነም ከሞተሩ ወደ ሻንሲው ወፍራም የማያያዣ ገመድ ማሰር ግድ ነው።

በመጨረሻም የዳሽቦርዱ ቀይ መብራት አለች። ብዙ ሰው እንደ ጌጥ ያያታል፤ ነገር ግን በብዙ ኦልተርኔተሮች ላይ ማግኔቱን የሚቀሰቅሰው የመጀመሪያ ጅረት የሚያልፈው በእርሷ በኩል ነው። እርሷ ከተረሳች ወይም ጅረት በማታሳልፍ ዘመናዊ አምፖል ከተተካች፣ ጤነኛው ኦልተርኔተር ሳይሞላ ይዞራል። በአዳዲሶቹ መኪኖች ላይ ያሉት በኮምፒውተር የሚታዘዙ ኦልተርኔተሮች ደግሞ ትእዛዝ የሚሰጣቸው በሌለበት በአሮጌ መኪና ላይ እንደሚገባ አይሠሩም፤ ዋጋቸው ቢረክስም ለዚህ ሥራ አይመረጡም።

9. ማጠቃለያ

የተከበራችሁ አባላት፤ ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ወደ አንድ ነጥብ ይመለሳል። ዲናሞ የሚመረጠው በተጻፈበት አምፔር ወይም በመያዣው መግጠም ሳይሆን፣ መኪናው ዝግ ብሎ በሚሄድበት በከባዱ ሰዓት በሚጠይቀው አገልግሎት ነው። ጥያቄዎቹም በቅደም ተከተላቸው ቮልቱና ምሰሶው፣ የሚፈለገው አምፔር፣ የፑሊው ሂሳብ፣ የፍሬኑ ቫኩምና የሽቦው ውፍረት ናቸው። አምስቱን ለመመለስ ማስመሪያ፣ የቮልት መለኪያ፣ እርሳስና አንድ ሰዓት የማይሞላ ጊዜ ይበቃል።

ባለመኪናው ጋራዥ ገብቶ «ዲናሞ ግጠሙልኝ» ሲል የሚጠይቀው በአንድ ቃል ነው፤ ከዚያ በላይ እንዲያውቅም አይጠበቅበትም። በዚያ አንድ ቃል ውስጥ አምስት ጥያቄዎች መኖራቸውን ማወቅ የባለሙያው ድርሻ ነው። ሽማግሌዎቹ ከጉዱማሌ በምሽት ሲመለሱ መንገዱ እንዲበራላቸው፣ ፍሬኑም እንዲይዝላቸው የሚያደርገው ይኸው የባለሙያው ዕውቀት ነው።